ካራት ሲባል የትኛው ካራት?
ስለ አሮጌ ባለ ድንጋይ ሐብል በተወራ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመላለሳል፦ «ወርቁ 18 ካራት ከሆነ ድንጋዩም 18 ነው?» አይደለም። አንድ ስም የተጋሩ ሁለት መለኪያዎች ናቸው።

የወርቅ ካራት ጥራትን እንጂ ክብደትን አይናገርም። ንጹሕ ወርቅ 24 ነው፤ 18 ማለት ከ24 እጅ 18ቱ ወርቅ፣ ቀሪው መዳብ ወይም ብርን የመሰለ ሌላ ብረት ነው። በመቆለፊያው ላይ በአጉሊ መነጽር የምትታየው 750 የምትባለው ቁጥርም ይህንኑ ከሺህ አስልታ ነው የምትናገረው።

የድንጋይ ካራት ግን ሚዛን ነው፤ 1 ካራት 0.2 ግራም።

ሐብሉ በጠቅላላው 30 ግራም መዘነ እንበል። ቀይና አረንጓዴ ድንጋዮቹ 15 ካራት፣ ማለትም 3 ግራም፣ ሉሎቹ ደግሞ 7 ግራም ቢሆኑ ለብረቱ 20 ግራም ይቀራል። ብረቱ ባለ 18 ካራት ከሆነ ከዚህ ውስጥ ንጹሕ ወርቁ 15 ግራም ብቻ ነው። ሠላሳውንም በወርቅ የሚያሰላ ሰው አይጠፋም፤ ሉልን ወርቅ ማድረግ ይሉታል ይህን ነው!

እስካሁን ያልኩት አይለዋወጥም። ማኅተሙ፣ ማለትም እንደ 750 ያለው የተመታ ቁጥር፣ ግን እንደ ጌጡ ይለያያል፦ በአሮጌ ሥራ ላይ ጨርሶ ላይኖር ይችላል፤ መቆለፊያው በኋላ የተቀየረ ከሆነም ቁጥሩ ስለ መቆለፊያው እንጂ ስለ ሰንሰለቱ አይመሰክርም።