ረጅም ጉዞ በሞተር ሳይክል፦ ድካሙ ከየት ይመጣል፣ እንዴትስ ይቀንሳል?

ሞተር ላይ አንድ ሰዓት መቀመጥ ማንንም አያደክምም። ስድስት ሰዓት ግን ሌላ ነገር ነው። መጀመሪያ መቀመጫ ይቆረቁራል። ቀጥሎ ጣት ይደነዝዛል፣ ትከሻ ይጨመደዳል፣ ወገብ ይይዛል። ከዚያ ሳይታወቅ ሐሳብ ይበተናል። ዓይን መንገዱ ላይ ነው፣ ልብ ግን ሌላ ቦታ ነው። ምቾት የደህንነት ጉዳይ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ወገቡን ያመመው ሰው ከፊቱ ያለውን ኩርባ ዘግይቶ ያያል።

የሰው ልጅ በሞተር ብዙ ርቀት መሄድ እንደሚችል ጥርጥር የለውም። አርጀንቲናዊው ኤሚሊዮ ስኮቶ እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1995 ድረስ በአንድ ሆንዳ ጎልድ ዊንግ ዓለምን እየዞረ 735,000 ኪሎ ሜትር ተጉዟል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ «አይረን በት» የሚባል የረጅም ርቀት ሞተረኞች ማኅበር አለ። ስሙ «የብረት ቂጥ» እንደማለት ነው። ለጀማሪ የሚሰጠው ፈተና በ24 ሰዓት ውስጥ 1,000 ማይል፣ ማለትም 1,609 ኪሎ ሜትር ገደማ መንዳት ነው። ከአብዛኞቻችን እንዲህ ያለ ነገር አይጠበቅም። በቀን ሦስትና አራት መቶ ኪሎ ሜትር ሄዶ፣ ሲወርዱ ወገብን ሳይዙ ቀጥ ብሎ መቆም በቂ ነው። ለዚያ የሚያስፈልገው አብዛኛው ነገር ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሰውነት ከሞተሩ ጋር የሚገናኘው ሦስት ቦታ ላይ ነው፦ መቀመጫው፣ መሪውና የእግር መርገጫው። በእነዚህ ሦስቱ መካከል ያለው ርቀት የአቀማመጡን ነገር ይወስነዋል። በጣም ወደ ፊት የሚያስጎነብስ ሞተር ክብደቱን እጅ አንጓ ላይ ይጥላል። እግርን ወደ ፊት ዘርግቶ ወደ ኋላ ዘና የሚያስብለው ደግሞ ሲያዩት እንደ ሶፋ ያምራል። ብዙ ሰው ለረጅም መንገድ የሚሻለው ይሄ ነው ብሎ ያስባል። እኔ አልስማማም። እንዲህ ሲቀመጡ ክብደቱ ሁሉ መቀመጫና ጅራት አጥንት ላይ ያርፋል። ጉድጓድ ሲመጣ እግር ላይ ተነስቶ ምቱን ማሳለፍ ስለማይቻል በቀጥታ አከርካሪ ላይ ይወጣል። ንፋሱም ደረትን እየገፋ መሪውን አጥብቆ መያዝ ግድ ይሆናል። እግር ከሰውነት ሥር ሆኖ፣ ጀርባ ትንሽ ብቻ ወደ ፊት ሲያዘነብል ሸክሙ ለሦስቱም ቦታዎች ይከፋፈላል።

አዲስ ዕቃ ከመግዛት በፊት ያለውን ማስተካከል ይቀድማል። ሞተሩን በመሐል ማቆሚያው ቀጥ አድርገው ያቁሙት፣ ከሌለው ሰው ይያዝልዎት። ይቀመጡ። ዓይንዎን ይጨፍኑና እጅዎን እንደተመቸዎት ወደ መሪው ይልቀቁት። ጣትዎ የፍሬኑንና የፍሪሲዮኑን ማንሻ ያገኘው ክንድዎ ቀጥ እንዳለ ነው? ወይስ አንጓዎ ወደ ላይ ተቀልብሷል? ከተቀለበሰ የማንሻውን ቡሎን በመፍቻ ላላ አድርገው ትንሽ ወደ ታች ያዙሩት። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ብዙ ሞተረኛ ግን ሞተሩን ከገዛበት ቀን ጀምሮ ነክቶት አያውቅም፤ ዓመቱን ሙሉ አንጓውን እያመመው ይነዳል። መሪው ራሱ ዝቅ ካለ ከሥሩ ማስረዘሚያ ገብቶለት ሁለትና ሦስት ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት ይችላል። ከዚያ በኋላ ግን መሪውን ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻው አዙረው የፍሬን ቱቦውና ኬብሎቹ አለመወጠራቸውን ማየት አይዘንጉ።

መቀመጫ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ልስላሴን ከምቾት ጋር አንድ አድርገው ነው። በጣም ለስላሳ ስፖንጅ ሱቅ ውስጥ ሲሞክሩት ደስ ይላል። ሁለት ሰዓት ከተነዳ በኋላ ግን ይሟሽሻል። ስንቀመጥ የሚሸከሙን ከታች ያሉት ሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶች ናቸው። ስፖንጁ ሲሞት አጥንቶቹ ከሥር ያለውን ጠንካራ ፕላስቲክ ያገኛሉ። በመካከል የተጨፈለቀው ሥጋ ደም አይደርሰውም፤ ማቃጠሉ ከዚያ ይጀምራል። ጠንከርና ሰፋ ያለ መቀመጫ መጀመሪያ ላይ ባያስደስትም ማታ ላይ ያስመሰግናል። አየር የሚሞሉ ትንንሽ ከረጢቶች ያሏቸው ትራሶችም አሉ። ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ለሚውሉ ሰዎች የሚሠራው ትራስም በዚሁ ዘዴ ነው የሚሠራው። ትልቁ ስህተት አየር አብዝቶ መሙላት ነው። ሲቀመጡበት አጥንት ወለሉን ለመንካት ጥቂት ሲቀረው ልክ ነው። የበግ ለምድ ማንጠፍም የቆየና የሚሠራ ዘዴ ነው። አየር ያሳልፋል፣ ላብ እንዲደርቅ ይረዳል።

ልብሱም መታየት አለበት። ወፍራም የጂንስ ስፌት ከሥር ሲሆን ሦስተኛው ሰዓት ላይ እንደ ገመድ ይሰማል። የጥጥ ውስጥ ልብስ ላብ ይዞ ይቀራል፣ ቆዳም ይልጣል። ለብስክሌተኛ የሚሠራው ስፌት የሌለበት ቁምጣ ከሱሪ ሥር ሲለበስ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። መንገዱ ሲፈቅድ በየጊዜው መርገጫው ላይ ትንሽ ብድግ ማለት፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ቦታ መቀያየርም ደሙን ይመልሰዋል። ይህን ማድረግ ያለብን ሕመሙ ሳይጀምር ነው።

አሁን ወደ ንፋስ። ሰው የማይጠረጥረው ትልቁ የድካም ምንጭ እሱ ነው። የንፋስ ግፊት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይጨምርም። ከ60 ወደ 120 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲገባ ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆንም ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ትንሽ ቀነስ አድርጎ መንዳት ብቻውን ዕድሜ ይቀጥላል። የንፋስ መከላከያው መስታወት ይረዳል፣ ግን ረጅም በሆነ ቁጥር ይሻላል ማለት አይደለም። ከመስታወቱ ጫፍ ላይ የሚነሳው የተረበሸ አየር ልክ ሄልሜት ላይ ካረፈ ጭንቅላትን እየናጠ አንገት ያዝላል። መሞከሪያው ቀላል ነው። ቀጥ ያለና ጭር ያለ መንገድ ላይ ከመቀመጫው ትንሽ ብድግ ይበሉ። ጫጫታውና መናጡ ጸጥ ካለ ንጹሑ አየር ያለው ከላይ ነው፤ መስታወቱን ማሳጠር ወይም ዝቅ ማድረግ ያዋጣል ማለት ነው።

ከንፋሱ ጋር ድምፁ አለ። አንድ ነገር ብቻ ምከር ብባል የምመክረው የጆሮ መድፈኛ ነው። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሄልሜት ውስጥ የሚሰማው የንፋስ ድምፅ 100 ዲሲቤል አካባቢ ሊደርስ ይችላል። የሥራ ቦታ ጤና ባለሙያዎች ለስምንት ሰዓት ያህል ችግር የለውም የሚሉት እስከ 85 ዲሲቤል ነው። ከዚያ በላይ በእያንዳንዱ 3 ዲሲቤል ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ ሲደርስ የሚቀረው 15 ደቂቃ ነው! የተጎዳ ጆሮ ደግሞ አይመለስም። የስፖንጅ መድፈኛ ርካሽ ነው፣ አብዛኛው ሰው ግን አገባቡን አያውቅም። በጣት እያሹ ቀጭን ያድርጉት። በሌላኛው እጅ ከራስ በላይ ዞረው ጆሮውን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ ያድርጉ። ወደ ውስጥ ያስገቡና ሰፍቶ እስኪሞላ ግማሽ ደቂቃ ያህል በጣት ይዘው ይቆዩ። በትክክል ሲገባ የጡሩምባና የሞተሩ ድምፅ ይሰማል፤ ያ ፉጨት ግን ይጠፋል። ማታ ሲወርዱ ራስዎ ቀሎት ይገርምዎታል።

የእጅ መደንዘዝ ብዙ ጊዜ ሁለት ምክንያት አለው፦ የሞተሩ ንዝረትና የራሳችን አያያዝ። ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተሮች በተለይ ይነዝራሉ። ንዝረቱ በተወሰነ የሞተር ዙር ላይ ይብሳል። ማርሽ መቀየር ወይም ፍጥነቱን ጥቂት ከፍ ዝቅ ማድረግ አንዳንዴ ያጠፋዋል። የመሪው ጫፍ ላይ የሚገቡ ከባድ ብረቶችና ወፈር ያለ እጀታም ያግዛሉ። አያያዝን በተመለከተ ደግሞ መሪውን ማነቅ አያስፈልግም። በየአሥር ደቂቃው ክርንዎን እንደ ዶሮ ክንፍ ያራግቡት። ካልተራገበ ትከሻዎ ተወጥሯል ማለት ነው። ድንዛዜው በማግስቱም ካልለቀቀ ግን ሐኪም ማየት ነው።

ብርድን ንፋስ ያባብሰዋል። 10 ዲግሪ የሆነ አየር በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለገላጣ ቆዳ እንደ 4 ዲግሪ ነው የሚሰማው። የበረደው ጣት ፍሬኑን በደንብ አይለካም። ስለዚህ ንፋስ የማያስገባ ልብስ ከውጭ፣ ሙቀት የሚይዝ ከውስጥ። የአንገት መሸፈኛን ማንም አይናቅ። ሙቀት ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። አየሩ ከ35 ዲግሪ ካለፈ ከቆዳችን የበለጠ ስለሚሞቅ ንፋሱ ማቀዝቀዝ ትቶ ማሞቅ ይጀምራል። ጃኬት አውልቆ መንዳት ያኔ ላቡን ቶሎ አድርቆ ውኃ ያሳጣል፤ ቢወድቁ የሚሆነውንም መናገር አያስፈልግም። ካናቴራን በውኃ ነክሮ ከላይ ጃኬት ለብሶ፣ አየር ማስገቢያውን ብቻ መክፈት እጅግ ይሻላል።

ጀርባ ላይ ከሚታዘል ከረጢት እየነዱ ውኃ በቱቦ መጠጣት ይቻላል። ይህ የጀርባ ውኃ መያዣ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1989 ቴክሳስ ውስጥ ነው። አንድ ብስክሌተኛ የሕክምና ረዳት በሙቀቱ ታዋቂ የሆነ ውድድር ላይ የግሉኮስ ከረጢት በውኃ ሞልቶ፣ በረጅም ካልሲ ውስጥ ከቶ ጀርባው ላይ አሰረው። ሽንት ከጠቆረ ውኃው አንሷል።

የኋላ ሞላም ከጭነቱ ጋር መስተካከል አለበት። ሲቀመጡበት፣ መውረድ ከሚችለው ሁሉ ሲሶ ያህል ቢወርድ ጥሩ ነው። የጎማ ንፋስም ለጭነቱ የተጻፈው ልክ ይሁን።

እረፍትን በተመለከተ፣ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የከባድ መኪና ሾፌር ከአራት ሰዓት ተኩል መንዳት በኋላ 45 ደቂቃ ያርፋል። እሱ ካቢን ውስጥ፣ ንፋስ ሳይነካው ነው የሚነዳው። ሞተረኛ በየሰዓት ተኩሉ ወይም ሁለት ሰዓቱ ቢወርድ አይበዛበትም። ሲወርዱ አይቀመጡ፤ ይራመዱ፣ ቁጢጥ ይበሉ፣ አንገትዎን ቀስ ብለው ያዙሩ። ምሳ ከበድ ካለ ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ ይጫጫናል። ዓይን መጨፈን ከጀመረ ቡና ብቻውን አያድንም። ጠጥቶ 20 ደቂቃ ጋደም ማለት ነው፤ ሲነቁ ቡናው መሥራት ጀምሯል።

ከኋላ የተቀመጠው ሰውም አይረሳ። እሱ ፍሬኑ መቼ እንደሚያዝ አያውቅም፣ ከፊት ያለውም ብዙ አይታየውም። ስለዚህ ሆዱም ጀርባውም እንደተወጠረ ይሄዳል፣ ከነጂው ቀድሞም ይዝላል። ከመነሳት በፊት ምልክት ተስማሙ፦ አንዴ ትከሻ መታ ሲያደርግ ቀንስ፣ ሁለቴ ሲመታ አቁም። ሁለቴ ሲመታ ደግሞ «ትንሽ ነው የቀረን» ሳይሉ ማቆም።