አፍ መፍቻ ቋንቋ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች

በኢትዮጵያ ብዙ ልጆች ትምህርት የሚጀምሩት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ነው። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ ግን ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ይሆናል። መሠረቱ የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው።

ከዚያ በፊት ፈረንሳይኛም እንግሊዝኛም ተራ በተራ ነግሠዋል። በኋላ አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሆነ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ በ15 ቋንቋዎች አስተምሯል፣ ሁሉም በግዕዝ ፊደል። ዓለም አቀፍ ሽልማት ያስገኘ አኩሪ ሥራ ነው።

የ86ቱ ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን እስከ 8ኛ ክፍል ለአፍ መፍቻ ቋንቋ ሰጠ። እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይሰጣል። አፈጻጸሙ ግን እንደየክልሉ ነበር። ኦሮሚያ፣ ትግራይና ሶማሌ እስከ 8ኛ ገፉበት። አዲስ አበባ ከ7ኛ ወደ እንግሊዝኛ አለፈች፤ ደቡብ በብዙ ቦታ ከ5ኛ። አማራ ክልል 7ኛ ላይ ሂሳብና ሳይንስን ወደ እንግሊዝኛ አዞረ። በዚያው ክልል አዊ ላይ በአዊኛ፣ ዋግ ኽምራ ላይ በኽምጣኛ፣ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በኦሮምኛ ማስተማር ተጀመረ። ብዙ ያልተወራለት ግን ትልቅ እርምጃ ነው።

ያልተሳካውም አለ። የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎች ተቀላቅለው «ወጋጎዳ» በሚል መማሪያ መጽሐፍ ተዘጋጀ። በ1991 ዓ.ም. ወላይታ ሶዶ ላይ ሕዝቡ ተቃውሞ ወጣ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ። መጽሐፉ ቀረ። ወላይታም በ1993 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ሐሳቡ ወጪ ለመቆጠብ ነበር የሚሉ አሉ። ባለቋንቋዎቹን ሳያማክሩ መሥራት ግን ምንም አያድንም።

ዋናው ክርክር ወደ እንግሊዝኛ የሚዞረው መቼ ይሁን የሚለው ነው። ትምህርት ሚኒስቴር አስጠንቶ በ1999 ዓ.ም. የቀረበው ጥናት፣ 8 ዓመት በአፍ መፍቻቸው የተማሩት በ8ኛ ክፍል ሂሳብና ሳይንስ የተሻለ ውጤት እንዳመጡ አሳይቷል። ወላጅ ግን ልጁ ቶሎ እንግሊዝኛ እንዲለምድ ይፈልጋል፤ አቅም ያለው ወደ ግል ትምህርት ቤት ይወስደዋል። 9ኛ ክፍል የገባው የመንግሥት ተማሪ በዚያን ጊዜ የሚጠብቀው ፕላዝማ ነበር፦ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በክፍል ቴሌቪዥን የሚታይ ፈጣን የእንግሊዝኛ ትምህርት። መምህሩ በኋላ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ደግሞ ያስረዳው ነበር።

በ2015 ዓ.ም. አዲስ ፖሊሲ ወጥቶ መዋቅሩ 6-2-4 ሆኗል። አንደኛ ደረጃ አሁን የሚያበቃው 6ኛ ክፍል ላይ ነው።