የትራክተር «ፈረስ ጉልበት» ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ገበሬ ለ5 ሄክታር መሬቱ ምን ዓይነት አነስተኛ ትራክተር እንደሚሻለው ጠየቀ። አንዱ ፈጥኖ መለሰለት፦ «ፈረስ ጉልበቱን ብቻ እይ፤ 40 ከ30 ይበልጣል፣ አለቀ።»

ወንድሜ፣ አላለቀም። ይህን ምክር ሰምተው ገንዘባቸውን ያወጡ ሰዎች አጋጥመውኛል። ሞተሩ ያጓራል፣ ጎማው እዚያው ይሽከረከራል፣ ማረሻው ግን ንቅንቅ አይልም። ያንገበግባል።

አንድ ፈረስ ጉልበት ማለት 75 ኪሎ ክብደትን በ1 ሰከንድ ውስጥ 1 ሜትር ከፍ ማድረግ ነው። ሰከንዷን ልብ በሉ። ቁጥሩ የሚነግራችሁ ሥራው ምን ያህል ቶሎ እንደሚሠራ ነው። ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሚጎትት ግን አይነግራችሁም።

በሬ ገዝቶ የሚያውቅ ሰው ይህ አይጠፋውም። ገበያ ላይ የበሬውን ሩጫ አይቶ የሚገዛ የለም። የሚታየው ትከሻው፣ ታፋው፣ አቋሙ ነው። ልቡ የጋለ ቀላል ወይፈን ይፍጨረጨራል፤ ማረሻው ጠልቆ ሲይዝ ግን እግሩ ይከዳዋል። ደልደል ያለው በሬ ረጋ ብሎ ይስበዋል። ትራክተርም ላይ ሞተሩ ልቡ ነው፣ ክብደቱ ሰውነቱ፣ ጎማው ሰኮናው። ልቡ ብቻውን አያርስም።

በቁጥር እንየው። በአራቱም ጎማ የሚነዳ ትራክተር ማሳ ላይ ከክብደቱ 40 በመቶ ገደማ ይጎትታል እንበል። አፈሩ ሲለያይ ይህም ይለያያል። 1,200 ኪሎ የሚመዝነው ባለ 40 ፈረስ ጉልበት 480 ኪሎ ይጎትታል። 1,600 ኪሎ የሚመዝነው ባለ 30 ደግሞ 640። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር እየሄደ 640 ኪሎ ለመሳብ መንጠቆው ላይ የሚያስፈልገው 12 ፈረስ ጉልበት ብቻ ነው። ጎማው ሲንሸራተትና አፈሩ ውስጥ ሲሰምጥ የሚባክነው ቢጨመርም 30ው ይበቃል። የቀላሉ ትራክተር ትርፍ ጉልበት ግን ጎማ ከማሽከርከር አያልፍም። ለእርሻ ከሆነ እኔ ያለ ማመንታት ባለ 30ውን እወስዳለሁ።

ሌላው የሚያናድደኝ ከፍታ መረሳቱ ነው። አየር ለሞተር እንደ ድርቆሽ ነው። ከፍ ባልን ቁጥር ይሳሳል፣ በሬውም ይከሳል። ተርቦ፣ ማለትም አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ሁመራ 600 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ጉዳቱ ያን ያህል አይሰማም። ደብረ ብርሃን ግን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። እዚያ ወረቀቱ ላይ 40 የተባለው 30 እንኳ መድረሱን እንጃ። ተርቦ ያለው ብዙም አይጎዳም። ደጋ ላይ የምታርሱ ሰዎች፣ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ።

ፈረስ ጉልበት የማይረባ ቁጥር ነው እያልኩ አይደለም። ሥራችሁ የውሃ ፓምፕ፣ መውቂያ ወይም የሣር ማጨጃ ከሆነ ዋናው እሱ ነው። ግን የሞተሩን ሳይሆን ከኋላ በሚወጣው ዘንግ፣ ፒቲኦ በምንለው ላይ የሚገኘውን ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ከሞተሩ ከ10 እስከ 15 በመቶ ያንሳል።

«እንግዲያው ብረት ጭኜ ላክብደው» የሚል አይጠፋም። ጎማ ውስጥ ውሃ መሙላትና ፊት ላይ ብረት ማንጠልጠል የተለመደ ነው፤ ይረዳልም። ነገር ግን አምራቹ ከፈቀደው ካለፈ አክሱሉና ማርሹ ይጎዳል። ዋልካ መሬት እርጥብ ሳለ ደግሞ ክብደት ጠላት ነው። አፈሩን ይጠቀጥቀዋል፤ ሥሩም ውሃውም መውረጃ ያጣል። እስኪጠነፍፍ ጠብቁ።

መሬታችሁ ተዳፋት ከሆነም የግራና ቀኝ ጎማዎቹን ርቀት ለኩ። ጠባብ ትራክተር በጎኑ ይገለበጣል፤ ፊቱ ላይ ጭነት ከፍ አድርጎ ሲይዝ ደግሞ ይብሳል። ከሹፌሩ ጀርባ የሚቆመው የብረት ቅስት የሌለውን፣ ዋጋው ቢረክስም አትግዙ። ቅስቱ ካለ ደግሞ ቀበቶውን እሰሩ፤ ካልታሰረ ትራክተሩ ሲገለበጥ ሹፌሩ ተወርውሮ ከሥሩ ይገባል።