ዴሌጌት ምንድን ነው?

ቨርጂኒያ የምትኖሩ ሰዎች ቃሉን ታውቁታላችሁ። ጎዶሎ ቁጥር ባለው ዓመት ኖቬምበር ሲደርስ የምርጫ ወረቀቱ ላይ "ሀውስ ኦፍ ዴሌጌትስ" የሚል ነገር አለ። ብዙዎቻችን ዋሽንግተን ካለው ኮንግረስ ጋር እናምታታዋለን፣ ወይ ዝም ብለን እናልፈዋለን። ዴሌጌት ማለት ሪችመንድ ባለው የስቴቱ ምክር ቤት፣ በታችኛው ቤት የሚቀመጥ ተወካይ ነው። ዛሬ 100 ናቸው። ትርጉሙ ይኸው ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ስሙ መጀመሪያ ሲወጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1776፣ ወንበሩ ምን ያህል ትልቅ እንደነበረ ነው።

ያኔ ኮንግረስ ዛሬ የምናውቀው ኮንግረስ አይደለም። ግብር መጣል አይችልም፤ ገንዘብ ሲያስፈልገው ስቴቶቹን ይለምናል። ሥልጣን ያለው በየስቴቱ ነው። ቶማስ ጄፈርሰን የነፃነት አዋጁን ጽፎ ሁለት ወር ብዙም ሳያልፈው ኮንግረሱን ትቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ፣ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይም ዴሌጌት ሆኖ ገባ። ዛሬ እንዲህ የሚያደርግ ሰው ቢኖር "ወረደ" ነው የምንለው። ለጄፈርሰን ግን "አገሬ" ማለት ቨርጂኒያ ነበረች።

በዚያው ዓመት የቨርጂኒያን ሕገ መንግሥት የጻፉት ሰዎች ከእንግሊዝ ንጉሥና ንጉሡ ከላካቸው ገዥዎች ጋር ገና መጣላታቸው ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ የራሳቸውን ገዥ እጅ እግሩን አሰሩት። በየዓመቱ የሚመርጠው ምክር ቤቱ ነው፣ ከሦስት ተከታታይ ዓመት በላይ መቀመጥ አይችልም፣ የወጣን ሕግ የመሻር መብትም የለውም። ሕግ ሁሉ የሚመነጨው ከዴሌጌቶቹ ቤት ነው። 24 አባላት ያሉት ሴኔት የመጣለትን ያጸድቃል ወይ ይጥላል፣ ማሻሻል ቢፈልግ ደግሞ ዴሌጌቶቹ መስማማት አለባቸው፤ የገንዘብ ሕግ ከሆነ ማሻሻልም የለም፣ እሺ ወይ እምቢ ብቻ። ጄፈርሰን ራሱ ኋላ ላይ ነገሩ መርሮት የሁለቱን ቤቶች አባላት ደምሮ፣ 173 አምባገነን ከአንድ አምባገነን አይሻልም የሚል ነገር ጽፏል።

እንዴት ነው ታዲያ ዴሌጌት የሚኮነው? እያንዳንዱ ካውንቲ በየዓመቱ ሁለት ሰው ይልካል፤ ትልቅ ትንሽ የለም። ዛሬ ሐበሻም የሚኖርባት ላውደን በጄፈርሰን ቆጠራ 1746 ለጦርነት የደረሱ ወንዶች ነበሯት፣ ዋርዊክ ደግሞ 100። ሁለቱም የሚልኩት ሁለት ሁለት ነው! የሚመርጠው መሬት ያለው ነጭ ወንድ ነው፤ ቤት ያለበት 25 ኤከር (ወደ 10 ሄክታር) ይበቃል፣ ባዶ መሬት ከሆነ ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ሴቶች የሉበትም፣ በባርነት ያሉት የሉበትም፣ ነፃ የሆኑ ጥቁሮችም፣ መሬት የሌለው ነጭም የለበትም። ቄስ ደግሞ ለሁለቱም ቤቶች መመረጥ አይችልም።

ድምፅ የሚሰጠው በምስጢር አልነበረም። መራጩ ሸሪፉ ፊት ይቆምና የሚመርጠውን ሰው ስም ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ተወዳዳሪው እዚያው ሆኖ ይሰማል፣ የመረጠውንም ያመሰግናል። ያበደረህ ወይም ጎረቤትህ የሆነ ሰው እያየህ ሌላ ሰው መምረጥ ምን እንደሚመስል አስቡት። መጠጡም አለ። ተወዳዳሪ መራጮቹን ማጠጣት አለበት፣ ልማዱ ነው። ጄምስ ማዲሰን፣ ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ሰው፣ በ1777 "ይህ ነውር ነው፣ አላጠጣም" ብሎ ግትር አለ። ተሸነፈ፤ ያሸነፈው ደግሞ ባለ መጠጥ ቤት ነው። የቀረውን ራሳችሁ ገምቱ።

የወንበሩን ክብደት እንግሊዞችም አውቀውታል። ጁን 1781 ላይ ምክር ቤቱ ከሪችመንድ ሸሽቶ ሻርለትስቪል ተሰብስቦ ነበር፣ አንድ የእንግሊዝ ፈረሰኛ ቡድንም ሊይዛቸው ገሰገሰ። ጃክ ጁዌት የሚባል ሰው መንገድ ላይ አያቸውና ወደ 65 ኪሎ ሜትር ጋልቦ ቀድሟቸው ደረሰ። አብዛኞቹ አመለጡ፣ ጥቂት ዴሌጌቶች ግን ተያዙ። ከተያዙት አንዱ ያኔ የቨርጂኒያ ክፍል ከነበረችው ኬንታኪ የመጣው አውሬ አዳኙ ዳንኤል ቡን ነው፤ ከቀናት በኋላ ለቀቁት።

ያመለጡት ተራራውን ተሻግረው ስታንተን ገቡ። ለስብሰባ የሚበቃውን ቁጥር አስቀድመው ወደ 40 ዝቅ አድርገውት ስለነበር ሥራቸውን ቀጠሉ። ጊዜው ባለቀው ገዥ ቦታ ቶማስ ኔልሰንን መረጡ። በዚያው ቀን ደግሞ የወጣው ገዥ በእንግሊዞች ወረራ ወቅት ስለ ሠራው ሥራ እንዲመረመር ወሰኑ። የወጣው ገዥ ጄፈርሰን ነው። ዲሴምበር ላይ ምርመራው ነፃ አወጣው፤ ምክር ቤቱም ምስጋና አቀረበለት።