የሐበሻ ጥድ ምንድን ነው?

ክረምት በመጣ ቁጥር «ሀገር በቀል ጥድ ተከልን» የሚል ፎቶ ይበዛል። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ግን ብዙ ጊዜ የተተከለው የፈረንጅ ጥድ ነው። ሰው ሲያርም ደግሞ አንድ ዐዋቂ ነኝ ባይ ብቅ ይልና «ቅጠሉን ብቻ እዩ፤ የሚወጋው የፈረንጅ ነው፣ የማይወጋው የሐበሻ» ይላል። ይሄ ስህተት ነው። እንዲያውም ትንሽ ከፍ ያለ ዛፍ ላይ የሚወጋ ቅጠል ካገኛችሁ መጀመሪያ መጠርጠር ያለባችሁ የሐበሻውን ነው።

የሐበሻ ጥድ ሁለት ዓይነት ቅጠል ያወጣል። በልጅነቱ ቅጠሉ መርፌ ነው፤ እስከ 1 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፣ እጅ ይወጋል። ሲያድግ ደቃቅ ሆኖ ቀንበጡ ላይ ልጥፍ ይላል። የወተት ጥርስን አስቡ። የመጀመሪያው ለጊዜው ነው፤ ቋሚው በኋላ ይመጣል። የሰባት ዓመት ልጅ አፍ ውስጥ ሁለቱም እንደሚገኙ ሁሉ፣ ወጣት ጥድ ላይም ሁለቱም ቅጠሎች አብረው ይታያሉ፤ አንዳንዴም እዚያው አንድ ቅርንጫፍ ላይ። ከጥርስ የሚለየው፣ ከብት ከጋጠው ወይም ሰው ከቆረጠው በኋላ ሲያቆጠቁጥ ወደ ወተት ጥርሱ ሊመለስ መቻሉ ነው። እና አንዲት ቀንበጥ ይዞ መፍረድ፣ የወለቀ ጥርስ አይቶ የማን ልጅ እንደሆነ ለመናገር እንደመሞከር ነው።

ቅርፊቱም ብዙ አያስተማምንም። የሐበሻውም የፈረንጁም ወደ ታች ይሰነጠቃል፣ በረጃጅሙ ይላጣል።

ቁርጡን የሚነግራችሁ ፍሬው ነው። የሐበሻ ጥድ ፍሬ ክብ ነው፣ ሥጋ አለው፣ ከ8 ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍም። ሲበስል ወደ ሰማያዊ ያደላ ጥቁር ይሆናል። ላዩ ላይ ነጣ ያለ ነገር ይኖረዋል፤ በጣት ሲያሹት ይለቃል። ጥፍራችሁን ብትጫኑበት ይገባል፤ ውስጡ ጥቂት ዘር ታገኛላችሁ፣ ከ1 እስከ 4። ወፎች ይበሉታል፤ ዘሩን ከቦታ ቦታ የሚያደርሱትም እነሱ ናቸው።

የፈረንጅ ጥድ ፍሬ ግን እንጨት ነው። ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። ከ6 እስከ 8 የሚሆኑ ክፍሎች ገጥመው የሠሩት ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል መሃሉ ላይ ሹል ጉጥ አለው። ሲደርቅ ይከፈትና ክንፍ ያላቸው ብዙ ዘሮች ይረግፋሉ። ለጋ ሳለ እሱም ሰማያዊ ስለሚመስል ከሩቅ ያሳስታል። በጥፍር ሞክሩት፤ አይበገርም።

«ዛፉ ፍሬ የለውማ!» ትሉ ይሆናል። የሐበሻ ጥድ ብዙውን ጊዜ ወንዱና ሴቷ የየራሳቸው ዛፍ ናቸው። ወንዱ ፍሬ አይዝም። የፈረንጁ ግን ሁለቱንም በአንድ ዛፍ ይይዛል፤ አሮጌ ፍሬውም ቶሎ ስለማይጠፋ ቅርንጫፉ ላይ ወይም ሥሩ ይገኛል። ትልቅ ጥድ አግኝታችሁ ከላይም ከሥሩም እንጨታማ ፍሬ ካጣችሁ፣ ወንድ የሐበሻ ጥድ ሊሆን ስለሚችል አጠገቡ ያሉትን ዛፎች እዩ።

የፈረንጁን ዛፍ ጠልቼ አይደለም። ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ፣ ቶሎ የሚያድግ፣ ለጣውላም ለአጥርም የሚሆን ዛፍ ነው። የሚያናድደኝ እሱ ተተክሎ የሐበሻው እንደተተከለ መቆጠሩ ነው። የሐበሻው በመናገሻ ሱባና በወፍ ዋሻ ደን፣ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ግቢ የምናየው፣ ከቀይ ባሕር ማዶም በየመንና በሳዑዲ ተራሮች ላይ የሚበቅለው ነው። አዝጋሚ ነው። ተቆርጦ ያለቀን ጥድ ደግሞ የፈረንጁ አይተካውም።

ችግኝ ለምትገዙ አንድ ነገር ልጨምር። በጣም ለጋ ችግኝ ላይ የሁለቱም ቅጠል መርፌ ስለሆነ በዓይን መለየት ያስቸግራል። ዘሩ ከየትኛው ዛፍ እንደተለቀመ ጠይቁ። የሐበሻ ነው ከተባላችሁም፣ እናቲቱ ዛፍ አጠገብ ወንድ እንደነበረ ጠይቁ። የወንዱን ብናኝ ለሴቷ የሚያደርሰው ነፋስ ነው፤ ብቻዋን የቆመች ሴት ጥድ ፍሬ ብትይዝም ባዶ ዘር ይበዛባታል።