ድንኳን ጭኖ ወደ ጅቡቲ፦ በጀታችንን የሚያዛቡ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ባለፈው እሑድ ጣና ዳር ተቀምጠን፣ ዓሣው እስኪጠበስ ደብተር ገለጥን። ለገና ሰሞን አራት ሆነን በመኪና ወደ ጅቡቲ ልንወርድ፣ ድንኳን ውስጥ ልናድር አስበናል። እኔ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ሄጃለሁ። ያን ጊዜ በጀቴ በሦስተኛው ቀን አለቀ። ስለዚህ ጓደኞቼ የሚሉትን ስሰማ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔም የዛሬ ሁለት ዓመት ያልኩት ያንኑ ነበርና።

«ጎረቤት ናት፤ ኑሮው እንደኛው ነው»

አይደለም። አትክልቱ ከእኛ ስለሚሄድ እዚያም ርካሽ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ጅቡቲ ግን የምትበላውንም የምትጠቀምበትንም አብዛኛውን ከውጭ ነው የምታስገባው። ደግሞ የገንዘቡ ነገር አለ። የጅቡቲ ፍራንክ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1973 ጀምሮ ለአንድ ዶላር 177.721 ሆኖ ተተክሏል፤ ንቅንቅ አይልም። የእኛ ብር ደግሞ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ነው የሚወሰነው። እዚያ የአንድ ምሳ ዋጋ ባይጨምርም በብር ስታሰሉት ጨምሮ ታገኙታላችሁ።

ስለዚህ ደብተሩን በፍራንክ ያዙት። 1,000 ፍራንክ ከ5 ዶላር ተኩል ትንሽ በለጥ ይላል። ይህን በቃል ያዙና ወደ ብር የምትመልሱት ምንዛሪውን በምትገዙበት ቀን ብቻ ይሁን። ባንካችሁ ምን ምን ሰነድ እንደሚፈልግም ቀደም ብላችሁ ጠይቁ። ብር ይዞ ድንበር መሻገርም ገደብ አለው፤ «እዚያው እንመነዝራለን» ብላችሁ እንዳትነሱ።

«ድንኳን ካለ ማደሪያ በነፃ ነው»

ድንኳኑ በነፃ ነው እንበል። ድንኳኑ የሚተከልበት ቦታ የሚያደርሳችሁ መኪናስ? የጅቡቲ ጉዞ ትልቁ ወጪ ይሄ ነው፤ ብዙ ሰው ደብተሩ ላይ የማይጽፈውም ይሄንኑ ነው።

እዚያ የምናያቸውን ሁለቱን ሐይቆች ለዩ። አሳል ሐይቅ (በእኛ አፋር ካለው አሳሌ ጋር አታምታቱት) ከጅቡቲ ከተማ ወደ 120 ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ አስፋልት ስለሆነ የቤት መኪናም ይደርሳል። አቤ ሐይቅ ግን ሌላ ነው። ዲኪል ከምትባለው ከተማ ተገንጥላችሁ በፒስታና በአሸዋ ነው የምትሄዱት። ላንድክሩዘርና መንገዱን የሚያውቅ የአካባቢው ሰው ያስፈልጋል። እዚያ የአፋር ጎጆዎች ያሉት ማረፊያ አለ፤ ሒሳቡ በነፍስ ወከፍ ስለሆነ ምግብ ይጨምር አይጨምር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ከእኛ በጋላፊ የድንበር ኬላ በኩል ለሚገባ ሰው ዲኪል ከጅቡቲ ከተማ በፊት መንገዱ ላይ ናት። አቤን ስትገቡ እዩት፤ ከተማ ደርሳችሁ ወደ ኋላ መመለስ የነዳጅ ብክነት ነው።

አቤ ግን ወጪው አይቆጭም። የአዋሽ ወንዝ ማለቂያ እሱ ነው። ባሕር ሳይደርስ እዚያ ይቀራል። አባይ ከጣና ወጥቶ ሲሄድ እያየን ላደግን ሰዎች፣ የወንዝን መጨረሻ ቆሞ ማየት ሌላ ስሜት አለው። እስከ 50 ሜትር የሚቆሙ የኖራ ድንጋይ ማማዎች አሉ፤ ጎህ ሲቀድ ከአንዳንዶቹ እንፋሎት ሲወጣ ታያላችሁ።

«ስንቅ ይዘን ከሄድን የምግብ ወጪ የለም»

ይሄ ግማሹ እውነት ነው። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ሽሮና ቋንጣ ያዙ፤ ሙቀት አይጎዳቸውም። ቲማቲም አትጫኑ። ማገዶ እናገኛለን ብላችሁም አትመኑ፤ ትንሽ ቡታጋዝ ይኑራችሁ።

ግማሹ ስህተት ውኃ ነው። እኛ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ሐይቅ ዳር ነው የምንኖረው። ውኃ መቁጠር አልለመደብንም። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አሳል ደግሞ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ነው፤ አፍሪካ ውስጥ ከእሱ የሚዘቅጥ ቦታ የለም። ውኃው ከባሕር ውኃ ወደ 10 እጥፍ ጨዋማ ነው። እጄን ነክሬ ሳወጣው ወዲያው ደርቆ ነጭ ሆነ፤ ልታጠብ ስል የቀረችኝ አንድ ጠርሙስ ብቻ ነበረች። ያን ቀን ሁለት እሽግ የሚጠጣ ውኃ ይዘን ነበር የወረድነው። እኩለ ቀን ላይ የያዝነው ውኃ ሻይ ሊፈላበት የተጣደ ይመስል ነበር። ከዚያ በኋላ ባገኘንበት፣ በተጠራልን ዋጋ ነው የገዛነው። በጀቴን የበላው እሱ ነው።

አሁን እንዲህ አሰላን። ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለመለቃለቂያ ለአንድ ሰው በቀን 8 ሊትር። ለአራት ሰው በአራት ቀን 128 ሊትር ይመጣል፤ ባለ 20 ሊትር ሰባት ጀሪካን። ሰመራ ወይም ሎግያ ላይ ሞልተን እንሻገራለን። 128 ሊትር 128 ኪሎ መሆኑን አትርሱ፤ ሌላውን ዕቃ ቀንሱ። የሚጠጣውን ጠርሙስ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ነፋስ ላይ ስቀሉት፤ በደረቅ ሙቀት በደንብ ይቀዘቅዛል።

«ናፍጣውን ከዚህ በጀሪካን እንጭናለን»

በፍጹም። የመኪናው ታንከር ውስጥ ያለው ሌላ ነገር ነው፤ በጀሪካን ነዳጅ ማሻገር ኮንትሮባንድ ነው። በዚያ ሙቀት፣ ከምትተኙበት ዕቃ ጋር፣ ናፍጣ ጭኖ መሄድም አደጋ ነው። የጅቡቲውን ነዳጅ በፍራንክ በጅታችሁ ግቡ። ከጋላፊ እስከ ከተማው ብቻ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

«መኪናዬ ኢንሹራንስ አላት»

የአገር ውስጡ ድንበር ላይ ያበቃል። የኮሜሳን (የምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ) ቢጫ ካርድ፣ ማለትም ድንበር ተሻጋሪውን የመኪና ኢንሹራንስ፣ ሳትነሱ ከኢንሹራንስ ድርጅት ግዙ። እሱም የሚሸፍነው በሌላ ሰው ላይ የምታደርሱትን ጉዳት ነው እንጂ የራሳችሁን መኪና ጥገና አይደለም። መንገዱ የከባድ መኪና መንገድ ነውና ለጎሚስታና ለትርፍ ጎማም ያዙ። መኪናዋ በጊዜያዊነት የምትወጣበትን ወረቀት ከጉምሩክ አስጨርሱ።

«ነሐሴ ላይ ትምህርት ዝግ ነው፤ ያኔ እንሂድ»

ነሐሴ እኛ ጋ ዝናብ ነው፤ እዚያ ግን ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። ድንኳን ውስጥ እንቅልፍ የለም። ሁለተኛው ሌሊት ላይ ኤሲ ያለው ሆቴል ትገባላችሁ፤ ለድንኳን ያሰባችሁት ብር እዚያው ይቀራል። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሂዱ።

አንድ የቀረ ነገር፣ የእኛ መንገድ ነው። የፀጥታውን ሁኔታ በየቀኑ ከሾፌሮች ሳናጣራ ከባሕር ዳር አንነሳም። መንገዱ ካልተመቸ ወይ እንጠብቃለን፣ ወይ እስከ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ሄደን ከዚያ መኪና እንይዛለን። ለዚህም ለብቻው ፖስታ አዘጋጅተናል። ላዩ ላይ «መመለሻ» ተብሎ ተጽፎበታል፤ ከአራታችን ማንም ብቻውን አይከፍተውም።