ሪፈረንስ ላይ የምንሳሳታቸው ነገሮች እና እውነታው

ጅማ ላይ ክረምቱ ሲገባ የማስተርስ ተማሪው ዲፌንሱን ይጨርሳል። ከዚያ ላፕቶፑን ይዞ ካፌ ጥግ ይቀመጥና ቴሲሱን ወደ ጆርናል ማኑስክሪፕት መቀየር ይጀምራል። ከእነዚህ ወጣቶች ጋር ቁጭ ብዬ ሪፈረንስ ሳርም ዓመታት አልፈዋል። ጥናቱ ብዙ ጊዜ ጥሩ ነው። የሪፈረንስ ዝርዝሩ ላይ ስንደርስ ግን ያው ስህተት ይደጋገማል። ከስንፍና የመጣ አይደለም። ከሲኒየር ወደ ጁኒየር ሲወርድ የኖረ ወሬ ነው።

ለእኔ ሪፈረንስ ማለት አድራሻ ነው። አንባቢው ጽሑፉን ማግኘት አለበት፣ የሠራው ሰውም በስሙ መጠራት አለበት። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ የምመዝነው በዚህ ነው።

«ኤፒኤ ከቻልኩ የትም እልካለሁ»

አይሆንም። ኤፒኤ ሪፈረንስ ከሚጻፍባቸው ስታይሎች አንዱ ብቻ ነው። የቴሲስ መመሪያችሁ አንድ ነገር ነው፣ የጆርናሉ መመሪያ ሌላ። የጤና ጆርናሎች በብዛት ቫንኩቨር የሚባለውን ስታይል ይጠቀማሉ። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1978 የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ከተሰበሰቡባት የካናዳ ከተማ ነው። በቫንኩቨር ምንጩ ቁጥር የሚሰጠው ጽሑፉ ውስጥ በመጣበት ተራ ነው፣ በፊደል ቅደም ተከተል አይደለም። ያው ምንጭ ተመልሶ ሲመጣም የመጀመሪያ ቁጥሩን ይዞ ይመጣል። ቁጥሩን በእጅ የሚጽፍ ሰው አንድ አንቀጽ ባዘዋወረ ቁጥር ሁሉንም እንደ አዲስ መቁጠር አለበት።

ኤፒኤም ቢሆን አንድ አይደለም። 7ኛው እትም እ.ኤ.አ. በ2019 ወጥቷል። ጸሐፊዎቹ ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ ጽሑፉ ውስጥ ገና ከመጀመሪያው ጥቅስ ጀምሮ የአንዱን ስም ጽፎ «እና ሌሎች» ማለት በቂ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ግን እስከ 20 ስም ድረስ ሁሉም ይጻፋል። የመጽሐፉ አሳታሚ ያለበት ከተማም ቀርቷል። ብዙ ሰው ዛሬም በ6ኛው እትም ይጽፋል።

«የመጨረሻው ስም ሁልጊዜ ይቀድማል»

ከሁሉም በላይ የሚቆረቁረኝ ይኼኛው ነው። እነዚህ ስታይሎች የተሠሩት የቤተሰብ ስም ላለው ሰው ነው። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ሁለተኛው ስማችን የአባታችን ነው። ስለዚህ ልጅቷ ገጠር ወርዳ፣ ቤት ለቤት ዞራ መረጃ ሰብስባ፣ ጽፋ ስታሳትም የሚጠቀሰው አባቷ ነው። የእሷ ስም አንዲት ፊደል ሆኖ ይቀራል።

ስሙ ሁለት ቃል ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምን ሪፈረንስ የሚያዘጋጀው ሶፍትዌር «ማርያም፣ መ. ወ.» ሊያደርጋቸው ይችላል። ማርያም የእሳቸውም የአባታቸውም ስም አይደለም። እዚህ እኛ ዘንድ ደግሞ «አባ» ያለበት የአባት ስም ሞልቷል። አባ ጅፋርን አስቡ። የጊቤ ነገሥታት የሚጠሩት በፈረስ ስም ነበር፤ ጅፋር ፈረሱ ነው፣ «አባ» ደግሞ ባለቤቱን ያመለክታል። «ጅፋር፣ አ.» ተብሎ ሲቆረጥ ንጉሡ ይወጣና ፈረሱ ይቀራል።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ የጆርናሉን መመሪያ እዩ። ኢትዮጵያ ላይ የሚያተኩሩ አንዳንድ ጆርናሎች የኢትዮጵያውያንን ስም ሳይገለብጡ በራሱ በሰውየው ስም ያስቀምጣሉ። መመሪያው ዝም ካለ፣ ጽሑፉ ፐብሜድን በመሰለ የመረጃ ቋት ላይ በምን ስም እንደተመዘገበ አይታችሁ እሱን ተከተሉ፤ አንባቢው የሚፈልገው በዚያ ነውና። ሁለት ቃል የሆነውን የአባት ስም አትለያዩት። ዞተሮ የሚባለው የሪፈረንስ ሶፍትዌር ላይ ስሙን በአንድ ሳጥን የሚያስቀምጥ ምልክት ከስሙ ጎን አለ። እሱን ከነካችሁ ስሙ አይገለበጥም።

የራሳችሁንም ስም አስቡበት። የመጀመሪያ ጽሑፋችሁ ላይ በላቲን ፊደል እንዴት እንደምትጽፉት ወስኑና በዚያው ጽኑ። ኦርኪድ የሚባለውን ባለ 16 አሃዝ የተመራማሪ መለያ አውጡ፤ በነፃ ነው።

«ዓመቱን መጽሐፉ ላይ እንዳለ መገልበጥ ነው»

2010 ዓ.ም. የሚል የአማርኛ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ እንዲሁ 2010 ተብሎ ከተጻፈ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት አርጅቷል ማለት ነው። የታተመበት ወር ካልታወቀ 2017/18 ብላችሁ ጻፉ፣ የኢትዮጵያውን ዓመትም አጠገቡ አስቀምጡ።

«ሶፍትዌሩ አይሳሳትም»

ዞተሮም ሜንዴሌይም ኤንድኖትም የሚጽፉት የተሰጣቸውን ነው። ከጉግል ስኮላር የወረደው መረጃ ርዕሱ በትልልቅ ፊደል ከሆነ ወይም የገጽ ቁጥር ከጎደለው፣ ዝርዝራችሁም እንደዚያው ይወጣል። እኔ እያንዳንዱን ምንጭ ገና ሲገባ አያለሁ። መጨረሻ ላይ 60 ሪፈረንስ አንድ ላይ ማረም ያደክማል። የጆርናል ስም ማሳጠርም በግምት አይሆንም። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚታተመው የኢትዮጵያ የጤና ሳይንስ ጆርናል አጽሕሮቱ «ኢትዮፕ ጄ ሄልዝ ሳይ» ነው። የሌሎቹንም የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ላይ ታገኛላችሁ።

«ቻትጂፒቲ ሪፈረንሱን ይሠራልኛል»

አንድ ተማሪ ይዞልኝ የመጣው ዝርዝር ዓይን የሚማርክ ነበር። ነጥቡም ሰረዙም በቦታው። ከዚያ ሦስቱን ጽሑፎች ፈልገን አጣናቸው። ጆርናሉ አለ፣ ተመራማሪው አለ፣ ጽሑፉ ግን አልተጻፈም። ልጁ ሊያታልል አልነበረም፤ አምኖ ነው። ድንጋጤውን ሳይ አዘንኩለት። እነዚህ መሣሪያዎች የተጻፈውን ዝርዝር ወደ ሌላ ስታይል መቀየር ላይ ሊያግዙ ይችላሉ፣ ያኔም ውጤቱ መታየት አለበት። ምንጭ አምጡልኝ ሲባሉ ግን እውነት የሚመስል ነገር መፍጠር ይችላሉ። ማጣሪያው ቀላል ነው። እያንዳንዱን ዲኦአይ፣ ማለትም የጽሑፉን ቋሚ የኦንላይን መለያ፣ ክፈቱት። በ10 የሚጀምረው ይህ ቁጥር ወደዚያው ጽሑፍ ካልወሰዳችሁ አንድ ችግር አለ። ዲኦአይ ከሌለው ርዕሱን ሙሉውን ፈልጉት።

«ፎርማቱ ከተበላሸ ወዲያው ይመልሱታል»

ይህ ፍርሃት ብዙ ሰው እንቅልፍ ያሳጣል። ኤልሴቪየርን ጨምሮ የትልልቅ አሳታሚዎች ብዙ ጆርናሎች መጀመሪያ ሲላክ በየትኛውም ወጥ ስታይል የተጻፈ ዝርዝር ይቀበላሉ፤ ፎርማቱ የሚስተካከለው በኋላ ነው። መመሪያቸውን አንብባችሁ አረጋግጡ። ነጥብና ሰረዝ ላይ ሦስት ቀን ከምታጠፉ፣ የጠቀሳችሁት ጽሑፍ የምትሉትን ነገር በእርግጥ ይል እንደሆነ ሄዳችሁ አንብቡ። ከሰው ጥቅስ ላይ ገልብጦ፣ ዋናውን እንዳነበቡት አድርጎ መጻፍ ከጎደለ ሰረዝ በጣም የከፋ ጥፋት ነው።

«ያልታተመ ቴሲስ አይጠቀስም»

ይጠቀሳል። የጸሐፊው ስም፣ ዓመቱ፣ ርዕሱ፣ የማስተርስ ወይም የፒኤችዲ ቴሲስ መሆኑ፣ ዩኒቨርሲቲው ይጻፋል። ኦንላይን ካለም ሊንኩ ይጨመራል። የተጠቀማችሁበት መረጃ ከእናንተ በፊት እዚሁ ግቢ የተማረ ልጅ የሰበሰበው ከሆነ፣ ዝርዝሩ ውስጥ ስሙ ይግባ።